በደቂቃ፣ በሜጋ፣ በወር፦ ኢንተርኔት መርካቶ የገባበት መንገድ

ነጋዴ አንድን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀው ሲከፍልበት ነው። መርካቶም ሞደምን፣ ባንድዊድዝን፣ ራውተርን፣ ዩኤስኤስዲን የለመደው እያንዳንዳቸው በየጊዜያቸው ሂሳብ ይዘው ሲመጡ ነው። ታሪኩም በዚያው ቅደም ተከተል ቢነገር ይቀላል።

መጀመሪያ የመጣው ሽቦው ነው። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከአድዋ ድል ማግሥት ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ያኔ መርካቶ የሚባል ገበያ የለም፤ ከተማው የሚገበየው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ከነገበያው ወደ ምዕራብ ሲገፋው አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ወራሪው ከወጣ በኋላም ገበያው እዚያው ሥር ሰደደ። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሱሉልታ ላይ የሳተላይት መሬት ጣቢያ ሥራ ጀመረና የውጭ አገር ጥሪ በሰማይ በኩል ማለፍ ቻለ።

ከውጭ ዕቃ ለሚያስመጣ የመርካቶ ነጋዴ የዚያ ዘመን ትልቁ ዕቃ ቴሌክስ፣ በኋላም ፋክስ ነበር። ያለ ፕሮፎርማ ባንክ ኤልሲ አይከፍትም፤ ፕሮፎርማው ደግሞ ከዱባይ ወይም ከቦምቤይ በፋክስ ይመጣል። ፋክስ ወረቀቱን አንብቦ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፣ ድምፁ በስልክ ሽቦ ይሄዳል፣ ማዶ ያለው ማሽን ድምፁን መልሶ ወረቀት ያደርገዋል። ይህን የገባው ሰው ሞደም ምን እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። ሞደምም የኮምፒውተርን ቁጥር ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም ወደ ቁጥር የሚመልስ ዕቃ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከኢንተርኔት ቀድሞ ነው አዲስ አበባ የደረሰው። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል፣ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ የሰውን ደብዳቤ ቀኑን ሙሉ አጠራቅሞ ለንደን ወደሚገኘው ግሪንኔት ይደውላል፣ ያለውን ይልካል፣ የመጣለትን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። ማጠራቀምና መላክ እንጂ ቀጥታ ግንኙነት የለም። ጠዋት የተጻፈ ደብዳቤ መልሱ ቢፈጥን በማግሥቱ ነው። ሙሉው ኢንተርኔት ይግባ ብለው ከተሰባሰቡት ባለሙያዎች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ዳዊት በቀለ ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ «ነጥብ ኢቲ» የሚለው የኢትዮጵያ የአድራሻ ቅጥያ ተመዘገበ። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ሁሉም «ቴሌ» የሚለው ማለት ነው፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። የኢንተርኔት አቅራቢ ሲባል ብቸኛው እርሱ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ሃያ አምስት ዓመት ቆየ።

የመጀመሪያው መንገድ ዳያልአፕ ነው። ኮምፒውተሩ በሞደሙ በኩል እንደ ማንኛውም ሰው ቴሌ ዘንድ ይደውላል፤ ጩኸቱና ፉጨቱ ካበቃ በኋላ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ከዚያ ደቂቃው መቁጠር ይጀምራል። መስመሩ አንድ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ያለ ቢሮ ስልኩ ተይዟል። ደንበኛ ደውሎ ሳያገኝ ይቀራል። ከጓዳ ያለውን ሁለተኛ ስልክ አንድ ሰው ሳያውቅ ካነሳው ደግሞ ግንኙነቱ ይበጠሳል፤ «ኧረ ስልኩን አታንሱ!» የዘመኑ ጩኸት ነበር።

የዚያን ዘመን ትልቁ ሞደም «56 ኬ» ይባል ነበር፤ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ማለት ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው ዛሬም የሚሳሳትበት ነገር አለ። መስመር የሚሸጠው በቢት፣ ፋይል የሚለካው በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 56 ኪሎቢት ሲሞላ ቢሞላ በሰከንድ 7 ኪሎባይት ያወርዳል። አንድ ሜጋባይት የሚመዝን የጨርቅ ናሙና ፎቶ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈልጋል፣ ያውም መስመሩ ካልተንተባተበ። ቢት ከባይት ሳይለይ ውል የፈረመ ሰው ተታለልኩ ብሎ ሲያማርር ይኖራል፤ ያልታለለውም ሳይቀር።

ቀርፋፋነት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የባንድዊድዝ ማነስ ነው፦ በአንድ ሰከንድ ስንት ቢት ያልፋል? ሌላው ሌተንሲ ነው፦ ጠይቄ መልሱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሳተላይት ዘመን የኢትዮጵያ ሕመም ሁለቱም ነበር። ሳተላይቷ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትቆማለች። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፣ መልሱም ወጥቶ ይወርዳል፤ ተደምሮ 144,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን እንኳ ይህን ለመጓዝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ባንድዊድዝ በገንዘብ ይገዛል፤ የሳተላይቱን ሌተንሲ ግን ስንት ቢከፈል ማሳጠር አይቻልም።

በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ካፌ በአውቶቡስ ተራም በሰባተኛም ዙሪያ ብቅ ብቅ አለ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በደቂቃ ከፍሎ ኢሜይሉን ያያል። ብዙው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በፈረንጆች 1999 ሲሆን ተራ ሰው ኮምፒውተር ላይ እስኪደርስ ዓመታት ወስዷል። ካፌው ውስጥ አንዱ መስመር ለአሥርም ለአሥራ አምስትም ኮምፒውተር ይከፋፈላል። ኮምፒውተሮቹ በኬብል ወደ አንድ ሳጥን ይገባሉ፤ ያ ሳጥን ስዊች ነው፣ ከስዊች በፊት የነበረው ሞኙ ዘመዱ ሃብ ይባላል። ሃብ የመጣለትን ለሁሉም ይበትናል፤ ስዊች ግን የማን እንደሆነ ለይቶ ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ የተያያዘው መረብ ላን ይባላል።

የካፌው ትልቁ ገቢ ከኢሜይል ይልቅ የውጭ አገር ጥሪ ሊሆን ይችል ነበር። ድምፅን ቆራርጦ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች በኢንተርኔት የሚልከው ዘዴ ቪኦአይፒ ይባላል። የቴሌን የውጭ ጥሪ ዋጋ ባዶ የሚያስቀር ስለሆነ በ1994 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅና ፋክስ ማስተላለፍ ተከለከለ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ቅጣቱን አከበደው። ዛሬ ጓንዡ ካለ አቅራቢው ጋር በዋትስአፕ ፊት ለፊት እየተያየ የሚከራከር ነጋዴ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን እንደሚመስለኝ የመርካቶ ሰው ፓኬት በደቂቃ ከሚቆጠር ጥሪ የተለየ ነገር መሆኑን የተረዳው ያኔ፣ ከክልከላው ነው። ነገሩ ርካሽ ባይሆን ኖሮ አይከለከልም ነበርና።

በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲም ካርድ ተመዝግቦ የሚጠበቅ ነገር ነበር። በ1998 መጀመሪያ የአዲስ አበባ ስልክ ቁጥር ከስድስት አኃዝ ወደ ሰባት አድጎ ከፊቱ 011 ሲጨመርበት፣ የአዲስ ከተማ መስመሮች በ2 ጀመሩ። በሱቅ ማስታወቂያ ላይ 011 2 ያየ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ አካባቢውን መገመት ይችላል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው የ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም ሲገባ ነው።

በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ገባና ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። በሲዲኤምኤ የሚሠሩ ገመድ አልባ የቤት ስልኮች መጡ፤ ኢቪዲኦ የሚባል በዩኤስቢ የሚሰካ ሞደምም አብሮ መጣ። የስልክ ሽቦ ያላቸው ደግሞ ኤዲኤስኤል አስገቡ። ኤዲኤስኤል ያንኑ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ለሁለት ይከፍለዋል፦ የታችኛውን ፍሪኩዌንሲ ለንግግር፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለኢንተርኔት። ስለዚህ ስልክ እያወሩ ኢንተርኔት መጠቀም ተቻለ። ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛ፣ ከቴሌ ጣቢያው በራቁ ቁጥር ይደክማል። ሁለተኛ፣ ማውረዱ ፈጣን፣ መጫኑ ቀርፋፋ ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደልም ይህንኑ አለመመጣጠን የሚያመለክት ነው። «512 ኬ» ብሎ የገዛ ሰው በሰከንድ 64 ኪሎባይት ያወርዳል፣ ፎቶ ሊልክ ሲል ግን ከዚያም ያነሰ ያገኛል።

በዚህ መካከል ብዙ ሱቅ ሳይወድ በግድ ኔትወርክ ላይ ገባ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን፣ ማለትም ካሽ ሬጅስተሩ፣ ሲም ካርድ ተገጥሞለት የዕለቱን ሽያጭ በጂፒአርኤስ ለገቢዎች ይልካል። ጂፒአርኤስ በጂኤስኤም ስልክ መረብ ላይ ዳታ በፓኬት የሚያሳልፍ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ለደረሰኝ ይበቃል። ፌስቡክ ከፍተው የማያውቁ ሽማግሌ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የዳታ ተጠቃሚ የሆኑት እንዲህ ነው፤ በጣም የተጠላው የመርካቶ ሞደምም ይኸው ይመስለኛል።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ሦስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ተስፋፋ፣ በ2007 አራተኛው ትውልድ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። ከሳተላይቱ ይልቅ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች የሚደርሰው ፋይበር ዋናው መንገድ ሆነ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 7,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ኮምፒውተር ደርሶ መልስ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ይበቃዋል። የሳተላይቱ ግማሽ ሰከንድ ቀረ። ሂሳቡም ከደቂቃ ወደ ሜጋ ዞረ፤ «ጥቅል» መግዛት፣ «ዳታ አጥፋ» መባባል የየዕለት ንግግር ሆነ።

ቆርቆሮ በረንዳው እየፈረሰ በየተራው ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ሲቆም ሌላ ጣጣ መጣ። ምድር ቤት ያለ ሱቅ በኮንክሪትና በብረት መዝጊያ ስለተከበበ የሞባይል ሲግናል አይደርሰውም። መፍትሔው ላይ ፎቅ የገባውን መስመር በኬብል ማውረድ ነው። ኬብል የሚሠራ ልጅ ሥራውን ሲሠራ ቆሞ ላየ ሰው ደስ ይላል። የውጭውን ላስቲክ ይልጣል፤ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ይፈታትናል፤ በጣቱ እየዳበሰ ያቃናቸዋል፤ ከዚያ በቀለም ይደረድራቸዋል፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በመቀስ እኩል ይቆርጣቸዋል፣ ግልጽ በሆነችው የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ይከታቸዋል፣ ጫፋቸው መጨረሻ መድረሱን በብርሃን ያያል፣ ከዚያ በመቆንጠጫው ጭብጥ። ከስምንቱ ለ100 ሜጋቢት አራቱ ይበቃሉ፤ ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናማዋ ሳትነካ ብትቀር መስመሩ አይሞትም፣ በዝምታ አሥር እጥፍ ይወርዳል። የኬብሉ ርዝመትም ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ታች ደግሞ ዋይፋዩ አለ። በአንድ ፎቅ ላይ ሃምሳ ሱቅ ቢኖር ሃምሳ ራውተር ሊኖር ነው። አሮጌው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ ይሻገራል፤ ግን እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ 1፣ 6 እና 11፣ ሦስት ብቻ ናቸው። ሃምሳው ራውተር በሦስቱ ላይ ይጋፋል። 5 ጊጋኸርዝ ቻናሉ ብዙ ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም።

«ልጄ፣ አምስቱም መስመር ሙሉ ነው፣ ለምንድን ነው የማይከፍተው?»

«ጋሼ፣ ያ የሚያሳየው ስልክዎ ከራውተሩ ጋር መስማማቱን ነው። ራውተሩ ከውጭው ጋር መስማማቱን አያሳይም።»

ይህ መልስ የብዙ ንትርክ መፍቻ ነው። ዋይፋይ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለችው አጭሯ መንገድ ብቻ ናት፤ ኢንተርኔት ከራውተሩ ወዲያ ነው።

ራውተሩ ራሱ በሁለት አድራሻ የሚኖር ዕቃ ነው። ኔትወርክ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ አይፒ የሚባል ቁጥር አለው። በውጭ በኩል ራውተሩ ከቴሌ የተሰጠው አንድ አይፒ አለው፤ በውስጥ በኩል ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ለሱቁ ስልኮችና ኮምፒውተሮችም ከዚያ እያስከተለ ቁጥር ያድላል። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ይህን የማጣመር ሥራ «ናት» ይሉታል። ዱባይ ተቀምጦ የመርካቶ ሱቁን ካሜራ ማየት የሚፈልግ ነጋዴ የተቸገረውም በዚህ ነው፦ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ የውስጡን ካሜራ አያውቀውም። ወይ የማይለወጥ አይፒ ተከራይቶ ራውተሩ ላይ በር መክፈት፣ ወይ ካሜራው ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር እየደወለ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። አሁን ኪውአር ኮድ አንሥቶ የሚሠራው ሁሉ ሁለተኛው ነው።

ሰው ግን ቁጥር አያስታውስም። መርካቶ ውስጥ ማንም የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም፤ «ምናለሽ ተራ የት ነው?» ብሎ የተራውን ሰው ይጠይቃል፣ እጅ ይዘረጋለታል። ለኢንተርኔት እጅ የሚዘረጋው ዲኤንኤስ ነው፦ የድረ ገጹን ስም ተቀብሎ አይፒውን ይመልሳል። እርሱ ሲታመም መስመሩ ደህና ሆኖ ገጹ ሁሉ አልከፍት ይላል፤ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል ዲኤንኤስ በእጅ ማስገባት ያኔ ነው የሚጠቅመው።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት የለም። ቀድሞ ሁሉንም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይጠቀልል የነበረ ሰው ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን ያኔ አየ። ቪፒኤን ስልኩ ላይ የጫነውም አልተጠቀመም። ቪፒኤን የምትልከውን ሸፍኖ በሌላ አገር ሰርቨር በኩል ያሳልፍልሃል፤ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ ግን የሚያሳልፍበት የለውም። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ብቻ ተለይተው ሲታገዱ ታሪኩ ሌላ ሆነ። መንገዱ ክፍት ነው፣ የተዘጋው በር ነው። ሸቀጡን በቴሌግራም ቻናል የሚሸጥ ሁሉ ቪፒኤን አውርዶ ሥራውን ቀጠለ፤ ባትሪና ዳታ ይበላል እያለ።

በሁለቱ መዘጋቶች መካከል፣ በግንቦት 2013፣ ቴሌብር መጣ። እዚህ ላይ የመርካቶን ልብ የገዛው መተግበሪያው ሳይሆን *127# ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ዩኤስኤስዲ ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889#ም እንዲሁ። ዩኤስኤስዲ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልክ ለማስደወል በሚያገለግለው የጂኤስኤም የውስጥ መገናኛ ላይ አጫጭር ጽሑፍ ይመላለሳል። በአዝራር ስልክም ይሠራል፣ ዳታ ጠፍቶም ይሠራል። ሸክም ያወረደ ወዛደር ክፍያውን የሚቀበልበት ስልክ ስማርት መሆን የለበትም።

በ2013 መጨረሻ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ወሰደ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። በ07 የሚጀምር ቁጥር በገበያው ታየ፣ ሁለት ሲም የያዘ ሰውም አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው መዞር ቻለ።

አሁን በየሕንፃው የሚገባው ፋይበር ነው። ከቴሌ የሚነሣ አንድ ክር በመንገድ ላይ በመስታወት መክፈያ እየተከፋፈለ እስከ 32 ወይም 64 ደንበኛ ይደርሳል፤ ክሩ በጠቅላላው በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ያወርዳል፣ ደንበኞቹም ይጋሩታል። ሂሳቡ በፍጥነት ተለክቶ በወር ሆነ፤ ደቂቃም ሜጋም የሚቆጥር የለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ነጭ ሳጥን ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ትመልሳለች። መብራቶቿ ውስጥ ሎስ የተባለችው ቀይ ከበራች ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፦ ወይ ክሩ ከልክ በላይ ታጥፏል፣ ወይ ከውጭ ቁፋሮ በጥሶታል፤ የከተማው መንገድ በተቆፈረ ቁጥር የሚበጠሰው እርሱ ነው። ያኔ ራውተር አጥፍቶ ማብራት፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ ከኬብል ሠሪው ልጅ ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። 994 ደውሎ «ሎስ ቀይ ናት» ማለት ነው፤ ጥሪው የሚያልፈው በሞባይሉ ስለሆነ የተበጠሰው ክር አያግደውም።